አሥራ አራተኛው ቤት

ይህ ነገር ይጻፍ የሚባል ስለመሆኑ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። በ2008 ዓ.ም. በእኛ በኩል፣ በሰበታም በቡራዩም በሱሉልታም፣ ከዚህ እጅግ የሚከብድ ነገር የደረሰባቸው ሰዎች አሉ። ልጁ ወጥቶ ያልተመለሰለት አባት ባለበት አገር ስለ አንድ ቤት ጣሪያ ማውራት ያሳፍራል። ሦስት ጊዜ ብዕር አንስቼ ሦስት ጊዜ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። ግን ያንን ጣሪያ ያስወረድኩት እኔ ነኝ። እኔ ካልጻፍኩት የሚጽፈው ሰው የለም።

ያኔ ኮሌጅ ከገባሁ ገና ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ስሜ ምሕረት ነው። አባቴ ከሆሳዕና ገጠር መጥቶ ሰበታ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ የሚሠራ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሰው እንዳይከፋብኝ ስል የማልፈልገውን ሻይ ሁለት ብርጭቆ የምጠጣ ልጅ ነበርኩ። ደብተሬን በማስመሪያ አሰምራለሁ። አስተማሪ ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን ከማሰቤ በፊት እሱ የትኛውን መልስ እንደሚወድ አስባለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፕሮግራም በኋላ አግዳሚ ወንበር የምሰበስበው እኔ ነበርኩ፤ ማንም ሳያዘኝ።

መምህር ሰለሞን የሚባሉ አስተማሪያችን በዚያ ሰሞን የንቁ ዜግነት ፕሮጀክት ሰጡን። ሦስት ሦስት ሆናችሁ አንድ ሰፈር ምረጡ፣ ሠላሳ ቤት አንኳኩና የሰፈሩን ችግር ጠይቁ፣ የሰፈሩን ካርታ ሥሉ፣ ከዚያ ከሰማችሁት ውስጥ አንድ ማኅበራዊ ችግር መርጣችሁ እስከ ዓርብ አምጡ አሉ። "አንድ ብቻ" እያሉ ደጋገሙልን። ለምሳሌ ቆሻሻ አወጋገድ፣ ብለው አከሉ። እኔ በዚያች ደቂቃ ቆሻሻን መርጬ ጨርሼ ነበር።

የእኔ ቡድን ገመቹና ኑሪያ ነበሩ። ገመቹ የዚያው የዓለም ገና ልጅ ነው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም እኩል የሚቀልድ። ኑሪያ አባቷ አስፋልቱ ዳር ሱቅ አላቸው፤ ትንሽ ትናገራለች፣ የተናገረችው ግን አይረሳም። እሷ የውሃ ቦኖ ይሁን ትላለች። ገመቹ ደግሞ የሰፈራችን ዋና ችግር የንቁ ዜግነት ተማሪዎች መብዛታቸው ነው ይላል። የመረጥነው ሰፈር ከዓለም ገና ወደ ሜዳው በሚያወርደው ኮረኮንች ዳር ያለው ነው። ከተማው እዚያ ጋ እየሳሳ ሄዶ የጤፍ ማሳ ይሆናል።

ማክሰኞ ወጣን። እኔ ጥንቁቅ ስለሆንኩ አንድ ዘዴ አምጥቼ ነበር። አባቴ ቤት ውስጥ፣ ፋብሪካ የጨርቅ ጥቅል ላይ ምልክት የሚያደርጉበት ቀይ የሰም ጠመኔ ነበረው። ሁለት ጊዜ እንዳናንኳኳ ብዬ የጠየቅነውን ቤት ሁሉ በሩ መቃን ላይ ቁጥር እጽፍ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰዎቹ አዩኝ፤ የተማሪ ነገር ነው ብለው ተዉኝ። ገመቹ ደግሞ ለካርታው ብሎ ከአጥር አጥር በእርምጃ እየለካ ቁጥሩን ለኑሪያ ይጮህላታል።

አሥራ አራተኛው ቤት ሰው አልነበረበትም። ለብቻው ሜዳው አፋፍ ላይ የቆመ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ባለቤቶቹ አውድማ ላይ ናቸው አሉን። ተመልሰን መምጣት እንዳንረሳ ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩና ዙሪያውን በክብ አጠርኩት። ከሠላሳው ቤት ክብ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ቆንጆ ክብ ነበር፤ እንዴት እንደተስተካከለልኝ ቆሜ ማየቴ ትዝ ይለኛል።

ረቡዕ መንገድ ተዘጋ። በዚያ ወር እንዲህ ያለ ቀን ይመጣ ነበር፤ ታክሲ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ የጎማ ጭስ ይሸታል። ማስተር ፕላን የሚለው ቃል በየቤቱ ነበር። አዲስ አበባ ወደ እኛ እየመጣች ነው፣ መሬቱን ልትወስደው ነው፣ ይባላል። አባቴ ከቤት እንዳትወጪ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የገመቹን እርምጃዎች በማስመሪያ ወደ ካርታ ለወጥኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ የጠራ ነገር ሥዬ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ጸጥ አለ። ሦስታችንም በእግር ወጣን። ጉሙ ከወጨጫ ተራራ ወርዶ ሜዳው ላይ ተኝቷል። የጅማ መንገድ ያለ መኪና ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ወንዝ ደርቆ የቀረ ይመስላል። የትናንቱ ድንጋዮች ዳር ዳሩን ተበትነዋል። የራሳችንን ጫማ ድምፅ እየሰማን ኮረኮንቹን ወረድን። ከጉሙ ውስጥ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ይጮኻሉ፤ ከተፍኪ በኩል የሚመጡት ናቸው፣ አይታዩም።  

ከዚያ ድምፁን ሰማን። ቆርቆሮ ሲላቀቅ የሚያሰማው፣ የሚያቃስት ዓይነት ድምፅ። ቀና ስል ጉሙ ውስጥ ከፍ ብሎ አንድ ጠፍጣፋ ብርሃን ተነሣና ቀስ ብሎ ወደ ምድር ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ሰማዩን ቁራጭ በቁራጭ የሚያወርዱት መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ሕልም ላይ እንደሚሆነው፣ ምን እንደሆነ ከመግባቱ በፊት ያማረ ነገር ነበር።

ስንቀርብ ሽማግሌ ሰው ቤቱ አናት ላይ ተቀምጠው የቆርቆሮ ሚስማር እየነቀሉ ነው። ባለቤታቸው ከታች ሆነው ቆርቆሮውን ይቀበላሉ። አህያ የተጠመደበት ጋሪ ደጁ ላይ ቆሟል። ጣሪያው ከሩብ በላይ ተነሥቷል። በሩ መቃን ላይ በቀይ፣ በተስተካከለ ክብ ውስጥ፣ አሥራ አራት ይላል።

"አካም ቡልተን" ብሎ ገመቹ እንዴት አደራችሁ አላቸው። ሰውየው ከላይ ሆነው መለሱ። በኦሮምኛ ረዘም ያለ ነገር ተነጋገሩ። ከዚያ ገመቹ ወደኛ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። ስማቸው ኦቦ ገለታ ነው፣ ሚስታቸው አዴ ሎሚ። ማክሰኞ ማታ ከአውድማ ሲመለሱ በራቸው ላይ ምልክት አገኙ። ጎረቤት ሲጠይቁ፣ ተማሪ ነን የሚሉ ልጆች ጥያቄ ሲጠይቁ ውለዋል፣ አንዱ በእርምጃ ሲለካ ነበር፣ የእኛ ላይ ቁጥር ብቻ ነው፣ የእናንተ ግን ተከቧል አሏቸው። አዲሱ መንገድ በዚህ በኩል ያልፋል የሚል ወሬ ከዱሮም ነበር። ዶዘር ሲመጣ ቆርቆሮው አብሮ እንዳይጨፈለቅ ብለው አውርደው ተፍኪ እህታቸው ቤት ሊልኩት ነው።

"ቆርቆሮውን ካዳንኩ እንጨቱን ይውሰዱት ነው የሚሉት" አለ ገመቹ።

ኑሪያ ወደ እኔ አየች። ሦስታችንም ሳንነጋገር ከጭዱ ክምር ጀርባ ሄድን።

"እንንገራቸው" አለች ኑሪያ።

"ለእሳቸው ብቻ ቢሆን ጥሩ" አለ ገመቹ። አጥሩ ጋ የቆሙትን አምስት ስድስት ወጣቶች በአገጩ አሳየን። "ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ቶሌራ ነው፣ የኦቦ ገለታ የወንድም ልጅ። ትናንት መንገድ ላይ የነበሩት እነሱ ናቸው። በዚህ ሰሞን ወረቀት ይዞ የሚዞር ሰው እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። እኔን ያውቁኛል። እናንተን ግን..." አልጨረሰውም።

እኔ ግን የማውቀውን አንድ ነገር አደረግሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ሄጄ ከአዴ ሎሚ ጎን ቆሜ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። የሚቀጥለው ቆርቆሮ ሲወርድ ተቀበልኩት።

አንባቢዬ፣ ይህን ቀስ ብዬ ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ ቶሎ ካለፍኩት ለራሴ የማዝን እንዳልሆን እፈራለሁ። እኔ በገዛ እጄ ያስጀመርኩትን የቤት ማፍረስ በገዛ እጄ ረዳሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀትር ድረስ። ኑሪያና ገመቹም ተከትለውኝ ገቡ። ቆርቆሮው ሌሊቱን የዋጠው ውርጭ አለበት፣ እጅ ያቃጥላል። አንድ ጫፉን እኔ፣ አንድ ጫፉን ኑሪያ ይዘን ወደ ጋሪው ስንወስደው በመሀላችን እየተንቀጠቀጠ ይዘምራል። ኦቦ ገለታ እያንዳንዱን ሚስማር ቀና አድርገው ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። አንድ እንኳ አልጣሉም።

ጉሙ ሲነሣ ፀሐዩ ቤቱ ውስጥ ገባ። በዚያ ቤት ታሪክ የመጀመሪያው ጊዜ መሆኑ ነው። ጨለማ ለምዶ የኖረ ነገር ሁሉ ድንገት ታየ፤ አልጋው፣ የጤፍ ጆንያዎቹ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ያለፈ ዓመት ቀን መቁጠሪያ፣ ጥግ ላይ የታሰረች ጥጃ። ጥጃዋ ቀና ብላ ሰማዩን እያየች ዓይኗን ታጨናብሳለች። አዴ ሎሚ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ጥጃዋ ወደ ላይ አዩና ሳቅ አሉ፤ ሳቁን ሳል ቆረጠባቸው። ያሉትን ገመቹ ተረጎመልን። አርባ ዓመት እዚህ ተኝቼ ሰማዩ ከአልጋዬ በላይ መሆኑን አላውቅም ነበር ነው ያሉት።

ታኅሣሥ ነው። ሌሊቱ ብርድ ነው። ሴትየዋ ያስላሉ። ቆርቆሮው በወረደ ቁጥር እኔ ልቤ ውስጥ አሁን እናገራለሁ፣ ከሚቀጥለው በኋላ እናገራለሁ እላለሁ። የሚቀጥለው ይመጣል። እቀበላለሁ።

ቀትር ላይ አረፍን። አዴ ሎሚ ከነሥሩ የተነቀለ የሽምብራ እሸት አመጡልን። ለሁሉም ሰጥተው እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ረዘም አድርገው መረቁኝ። ኦሮምኛዬ ትንሽ ነው፤ "ኢንተላ ኮ" ሲሉ ግን ልጄ እንዳሉኝ ገባኝ። እጃቸው ከብዶኝ ተነሣሁ። ሽምብራው ከጭኔ ላይ ፈሰሰ።

"ምልክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

በአማርኛ ነበር ያልኩት። ገመቹ መሬት መሬት ያያል።

"ተርጉምላቸው" አልኩት።

"ሰምቻለሁ" የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ኦቦ ገለታ ከማገሩ ላይ አልወረዱም ነበር። አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። "ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ወተት አመላልሻለሁ። እናንተው ናችሁ በገመቹ በኩል ያናገራችሁኝ።" ከዚያ ፈገግ አሉ። "ጥሩ ልጅ ነሽ። ልታጽናኚኝ ነው።"

"አይደለም ኦቦ። እውነቴን ነው።"

"ሽማግሌ አዝኖ ሲታይ እንዲህ ማለት ደግ ነው። ግን ልጄ፣ የለካ ሰው አለ። ጎረቤት አይቶታል።"

ገመቹ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርገው እጁን አወጣ። "እኔ ነኝ ኦቦ።"

"ምን ልታደርግ ትለካለህ?"

"ካርታ ልንሥል።"

"ካርታውን ማን አዘዘ?"

"መምህር።"

አጥሩ ጋ የነበሩት ወጣቶች ቀረቡ። ቶሌራ ከሁላችን መሀል መጥቶ ቆመና ማን ላካችሁ አለ። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ኑሪያ የተማሪነት መታወቂያዋን አወጣች። አላየውም። መታወቂያ ማንም ያሠራል አለ።

አስቡት። ሁለት ቀን ሙሉ እውነት ያልሆነ ነገር እውነት መስሎ ሰው ቤቱን አፈረሰ። እውነቱ ሲመጣ ደግሞ የሚያምነው ጠፋ። ኦቦ ገለታ በመሰላሉ ቀስ ብለው ወረዱ። ጋሪው ላይ ካለው ክምር አንድ ቆርቆሮ ሳቡና ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

"ጻፊ" አሉኝ።

የሰም ጠመኔው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ልማድ ክፉ ነው፣ አሳምሬ ጻፍኩት። የአራትን እግር ወደ ግራ የማጠፍ ልማድ አለኝ። ክቡንም ሠራሁ፤ ተስተካከለ። ኦቦ ገለታ ቆርቆሮውን ተሸክመው በሩ ጋ ወሰዱና ከመቃኑ ጎን አቆሙት። ሁለቱን አሥራ አራቶች ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ቶሌራም ጎንበስ ብሎ አየ።

"ይሄ የቢሮ ሰው እጅ አይደለም" አለ ቶሌራ በመጨረሻ። "እነሱ እንዲህ አይለፉም። ይቺ ልጅ የምር ተማሪ ናት።"

ወጣቶቹ ሳቁ። ያ ሳቅ እኛን ሦስታችንን እንዳዳነን ዛሬም አምናለሁ። ኦቦ ገለታ ግን አልሳቁም።

"ክቡስ?" አሉኝ። "ከሰፈሩ ሁሉ እኔን ብቻ ለምን ከበብሽኝ?"

"ቤት ሰው አልነበረም። ተመልሰን መጥተን እንድንጠይቅዎ ነው።"

"ምን ልትጠይቁኝ?"

 መልሱን አውቀው ነበር፤ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በማስመሪያ ተሠምሮበት ተጽፏል።

"የሰፈሩ ችግር ምን እንደሆነ" አልኩ።

ኦቦ ገለታ ዞረው ጣሪያቸውን አዩ። ሁላችንም አየን። ከግማሽ በላዩ ሰማይ ነበር፤ ወራጆቹና ማገሮቹ እንደ ትልቅ እንስሳ የጎን አጥንት ቆመዋል፤ አንዲት ወፍ አጥንቱ ላይ አርፋ ወደ አልጋው ታያለች።

አሁኑኑ እንመልሰው አልኳቸው። ሦስታችንም እንሠራለን፣ እስከ ማታ ያልቃል፣ ቶሌራና ጓደኞቹም ያግዛሉ። ፈጥኜ ፈጥኜ ነበር የማወራው። ኦቦ ገለታ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"የዛሬው የአንቺ ነው፤ አምኜሻለሁ" አሉ። "ነገ በሬ ላይ የማገኘው የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? አንቺ መጥተሽ ነገርሽኝ። ያኛው መጥቶ አይነግረኝም። የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይህ ቤት አይነካም እስኪለኝ ድረስ ቆርቆሮውን መልሼ አልመታም። ሚስማር ሁለት ጊዜ አይነቀልም፤ ቆርቆሮው ይበሳሳል።"

ይህን ብለው መሰላሉን ወጡ። የቀረውንም አወረዱ። እኔም ከታች ቆሜ ተቀበልኩ፤ ሌላ የማደርገው አጣሁ። አሥር ሰዓት ላይ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ነበር። ቁጥር የጻፍኩበት ቆርቆሮ ብቻ ቀረ፤ ኦቦ ገለታ ከበሩ አንሥተው ውስጥ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ኑሪያ ከአባቷ ሱቅ ነጭ ጋዝና የላስቲክ ሸራ ይዛ መጣች። ሸራውን አልጋውና ጆንያው ላይ ወጠርን። ከዚያ በነጭ ጋዙ የሠላሳውንም ቤት ቁጥር እያሸን ዞርን፤ የሰም ቀለም በውሃ አይለቅም። በየበሩ የምንለው አንድ ነበር፦ እኛ ነን የጻፍነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት ሴት አዳምጣኝ ስትጨርስ በሩን ዘጋችው። አሥራ አራተኛው ጋ ስደርስ ክቡ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ እንጨቱ ውስጥ የገባ የደበዘዘ ቀይ ቀረ።

የዚያን ዕለት ማታ ቆሻሻ የሚለውን ርዕስ ሰረዝኩ። ኑሪያ የውሃውን ነገር ተወችው፤ ገመቹ አልቀለደም። ዓርብ ጠዋት ኮሌጁ ደጅ ላይ ተቀምጠን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍን፦ በሰፈራችን ሰው ስለ ገዛ ቤቱ የሚሰማው ከሁሉም በኋላ ነው።

መምህር ሰለሞን ወረቀቱን ቆመው አነበቡ። ክፍሉ ውስጥ የሌሎቹን ቡድኖች ርዕስ ሰሌዳው ላይ ይጽፉ ነበር፤ ቆሻሻ፣ ጫት፣ የመንገድ መብራት፣ ቆሻሻ። የእኛን አልጻፉም። ምሕረት፣ ይህን በዚህ ሰሞን ነው የምትመርጡት? አሉኝ በቀስታ። ፊታቸውን አየሁ፤ የትኛውን መልስ እንደሚወዱ አውቄው ነበር። አዎ መምህር፣ አልኩ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጥፈው ከሌሎቹ ጋር ሳይቀላቅሉ የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት። ቤቴ ሄጄ አርመዋለሁ አሉ። ስንት እንደሰጡን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ወር ሊሆን ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ መንገድ በተከፈተ ቀን ሁሉ እዚያ ቤት እሄድ ነበር። ላስቲኩን ነፋስ ይገልበዋል፤ ጥግ ጥጉን አስራለሁ። አዴ ሎሚ ተፍኪ ሂጂ ሲባሉ ላሜን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሳላቸው ከበደ። ከሰዓት በኋላ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠን ላስቲኩ በፀሐይ ሲሞቅና ሲያብጥ እናያለን፤ የውሃ ውስጥ ሰዎች እንመስላለን። እሳቸው ኦሮምኛ ያስተምሩኛል፣ እኔ ስሳሳት ይስቃሉ። ቤት ተኝቼ ሳለሁም እዚያው ነበርኩ። ሕልሜ ላይ ቆርቆሮዎቹ እንደ ወፎቹ እየተነሡ ከሜዳው ላይ ይሄዳሉ፤ እኔ ከታች እጄን ዘርግቼ እሮጣለሁ፤ አንዱም አይወርድልኝም።

ጥር ሲገባ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል የሚል ዜና ተሰማ። ገመቹ እየሮጠ ሄዶ ለኦቦ ገለታ ነገራቸው። ሬዲዮው ነው ወይስ ሰው ነው ያለህ? አሉት። ሬዲዮ ሲላቸው፣ እንቆይ አሉ። አንድ ሳምንት ያህል ቆዩ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ማንም የሚያውቅ ሰው መጥቶ ቤትህ አይነካም አላላቸውም። የሆነው ሌላ ነው፤ አንድ ሌሊት አዴ ሎሚ ሲያስሉ አደሩ። ጠዋት ኦቦ ገለታ ጋሪ ጠምደው ራሳቸው ተፍኪ ሄዱና ቆርቆሯቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ቶሌራን ላኩብን። ያቺ ቁጥር የምትጽፍ ልጅ ትምጣ አሉ፣ አለን።

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ገጠመኝ ሳነብ መጨረሻው ላይ ጸሐፊው ምን እንደተማረ ይነግረኝ ነበር። እኔ የተማርኩትን አሳምሬ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ በተለይ እንደኔ አስተማሪ ደስ እንዲለው ለምትጣጣሩት። ማኅበራዊ ችግር ፍለጋ ስትወጡ በእጃችሁ ምን እንደያዛችሁ እዩ። እኔ ችግሩን ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር። ሌላው ደግሞ፣ መርዳት ከመናገር ይቀላል። ያን ጠዋት ቆርቆሮ ስቀበል ያየኝ ሁሉ ጎበዝ ልጅ ብሎኛል። አራት ሰዓት ሙሉ የተመረቅሁት ዝም በማለቴ ነው።

አሁን ሰው ዘንድ ስገባ አስቀድሜ እናገራለሁ። ሻይም አልፈልግም እላለሁ። አንዳንድ ሰው ይከፋዋል።

ጣሪያው በአንድ ቀን ተመለሰ። ቶሌራና ጓደኞቹ ከላይ ሆኑ፤ እኔና ኑሪያ አቀበልን፤ ገመቹ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ለሁሉም ትእዛዝ ይሰጣል፣ የሚሰማው የለም። ኦቦ ገለታ ቀና ያደረጓቸውን ሚስማሮች ከአንድ ጣሳ ውስጥ እየቆጠቡ ይሰጣሉ። የድሮው ቀዳዳ ሁሉ ሬንጅ ተቀባ። ቤቱ ቀስ በቀስ እየጨለመ ሄደ፤ መጀመሪያ ጆንያዎቹ፣ ከዚያ ቀን መቁጠሪያው፣ ከዚያ ጥጃዋ። የመጨረሻው ክፍት ቦታ ከአልጋው በላይ ያለው ነበር። ኦቦ ገለታ ከግድግዳው ላይ እኔ የጻፍኩበትን ቆርቆሮ አነሡና አሥራ አራቱን ወደ ውስጥ አዙረው ራሳቸው መቱት። አዴ ሎሚ ተኝተው ቀና ሲሉ ይታያቸዋል።

ሩቅ፣ ከዓለም ገና በኩል፣ ከበሮ ይሰማ ነበር። ታቦት የወረደበት ከሰዓት ነበር። ኦቦ ገለታ ከጣሪያው ወርደው አቧራቸውን አራገፉ፤ ውስጥ ገብተው ጨለማውን ትንሽ ቆመው አዩት። ከዚያ የቤቱን ቋሚ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ጠመኔሽን ይዘሻል? አሉኝ። የዛሬውን ቀን እዚህ ላይ ጻፊ፣ ይህ ቤት ሁለተኛ የተሠራበት ነው አሉ።

"ልጻፍ?" አልኳቸው።

"አሁን ጠየቅሽ" አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ሰማኋቸው። "ጻፊ።"

በሩ ከሚያስገባው ብርሃን ጋር ተጠግቼ፣ ያለ ክብ፣ ጻፍኩ፦ ጥር 10 ቀን 2008 ዓ.ም.